የቄሱ ልጅ በቴኳንዶ ሜዳ

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርቴን ሸጬ ከፍኖተ ሰላም ገበያ ስመለስ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ የልጆች ጩኸት ሰማሁ። ነጭ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች አየሩን በእርግጫ ይመታሉ። ዘንቢሌን እንደያዝሁ ቆምሁ።

እኔም ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ እዚያው ሜዳ ላይ ቴኳንዶ ተምሬያለሁ። ያኔ ዓይነ አፋርነቴ ለጉድ ነበር፤ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም። አሰልጣኛችን ስፖርቱ ከኮርያ እንደመጣ፣ ስሙም እግር፣ እጅና መንገድ ማለት እንደሆነ ነገረን። «እርግጫማ አህያም ታውቃለች፤ እናንተ መንገዱን ተማሩ» ይለን ነበር። መንገዱ በሰዓት መገኘት፣ ንዴትን መዋጥ፣ ከመጋጠም በፊትም ለባላጋራ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሳት ነው። ኪሴን ሽምብራ ቆሎ ሞልቼ፣ ከገጠር መንደራችን በጥር አቧራ አንድ ሰዓት እየተጓዝሁ አንድም ቀን አልቀረሁም።

ታዲያ ጎንበስ ስንል ያየች ጎረቤት ለአባቴ ነገረች። አባቴ ቄስ ናቸው። «ልጅዎን ለባዕድ ያሰግዷታል» አለቻቸው። በቀጣዩ ቅዳሜ መቋሚያቸውን ይዘው ሊያስወጡኝ ሜዳው ድረስ መጡ።

አሰልጣኙ ሮጦ መስቀላቸውን ተሳለመ።

«ልጄን ለማን ነው የምታሰግዳት?» አሉት።

«አባ፣ እሷው ትንገርዎት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ዝም ብል ወደ ቤት መሄዴ ነው፤ ዳግም አልመለስም።

«አባባ፣ ስግደት አይደለም፤ ሰላምታ ነው» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ከመጋጠማችን በፊት አከብርሃለሁ ማለት ነው። ስንጨርስም ያሸነፈም የተሸነፈም እኩል ጎንበስ ይላል።»

አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «የእኛ ሰው በእርሻ ወሰን ሲደባደብ መች እጅ ተነሣስቶ ያውቃል!» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ፣ ይህን ሁሉ ድምፅ የት ደብቀሽው ኖሯል?» አሉኝ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው እስክንጨርስ ጠበቁኝ።

ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቤት ሰው ያስፈልግ ነበር። የቴኳንዶ ቀበቶዬም ጥቁር ሳይደርስ ቢጫ እንደሆነ ቀረ። ሆኖም ገበያ ላይ ሚዛን የሚያጓድልብኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ ሳልሳደብም ሳልፈራም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። ይህን የሰጠኝ ያ ሜዳ ነው። ዛሬም እዚያ ፀሐይ ላይ ቆመው የሌላ ሰው ልጆች የሚያሰለጥኑትን ባየሁ ቁጥር እመርቃቸዋለሁ።

አጥሩ ጋ እንደቆምሁ አንዲት ትንሽ ልጅ አየችኝና ጎንበስ አለች። ዘንቢሌን አስቀምጬ እኔም ጎንበስ አልሁ። ከኋላዬ ባጃጅ ቆመ።

«እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ ሹፌሩ።

ድሮ ቢሆን ተሸፋፍኜ አልፍ ነበር።

«ምንም አልጠፋብኝም!» አልሁት፤ ድምፄ ሜዳው ድረስ ተሰማ።