የመምህር አለልኝ ያልታተመ ልብ ወለድ

መምህር አለልኝ ማረፋቸውን የሰማሁት ሞጣ ገበያ መካከል ቆሜ ነው። ከቢቸና የመጣች ጎረቤታቸው «እግዜር ያጽናሽ» ስትለኝ፣ በማን እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። መታመማቸውን ሰምቼ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ይህ ይቆጨኛል።

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ቢቸና የተማራችሁ ሁሉ ታስታውሷቸዋላችሁ። ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ስለነበሩ ድርሰት የሚያርሙት ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር። ዐረፍተ ነገሩ ትንፋሽ ካሳጠራቸው ደብተሩን ይመልሱና «ልጄ፣ አንባቢህን አትግደለው፤ ገና ይፈለጋል» ይላሉ። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል፤ እሳቸው ፍንክች አይሉም። ደብተር የጨረሰ ተማሪ ካዩ ከራሳቸው ደብተር መሃሉን ገንጥለው ይሰጣሉ። ያ ክፍል ምን ያህል እንደሚናፍቀኝ!

ልብ ወለድ ይጽፉ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለምን እንዳልታተመ ግን አታውቁም። ነገሩ የተጀመረው በእኔ ነው።

ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ለአንድ የአውራጃ ጸሐፊ ተዳርሁ። ባሌ አልመታኝም። ግን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከማን ጋር እንዳወራሁ ይመረምረኛል፤ ለእናቴ የምጽፈውን ደብዳቤ ራሱ ያነባል፤ ጠዋት በሩን ከውጭ ቆልፎ ቢሮ ይሄዳል። ሸሽቼ እናቴ ቤት ገባሁ። እሱም እንደ ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ዋናው መምህር አለልኝ ነበሩ።

«እሺ ካላላችሁን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እናቴ ሽማግሌ ማሳፈር ነውር ሆነባትና ታለቅሳለች። ምን ሆነሽ ነው የወጣሽው ብሎ የጠየቀኝ የለም። መምህር «ባልሽ የተማረ ነው፤ ዱላ የለበትም። ተመለሽ ልጄ» አሉኝ። ተመለስሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና አመለጥሁ፤ በዚህኛው ግን ሞጣ፣ አክስቴ ዘንድ። አንድ ቅዳሜ መምህር ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ደግሞ ሊመልሱኝ መጡ?»

«የለም ልጄ። ያኔ ያልጠየቅሁሽን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ይቅር በይኝ።»

ይግቡ ብዬ መቀመጫ አቀረብሁላቸው። ቀስ በቀስ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ጻፉት። ከዚያ ወዲያ በየወሩ እየመጡ የጻፉትን ያነቡልኛል፤ «እንዲህ ነበር ወይስ አጋነንሁ?» ይላሉ። ከእነዚያ ቅዳሜዎች የሚበልጥ ቀን አላየሁም። በመጽሐፉ ውስጥ ባልየው ቤቱ የለመደውን ቢሮው ይዞት ይሄዳል፤ ባላገሩ ሳያስፈቅደው እንዳይሰበሰብ፣ አቤቱታውን ሳያሳየው እንዳያስገባ ያደርጋል። «ሰው ጭቆናን የሚለማመደው ቤቱ ነው፤ ሹመት ሲያገኝ አገር ላይ ያሰፋዋል» ይሉ ነበር።

ረቂቁን አዲስ አበባ ለሳንሱር ምርመራ ላኩት። ብዙ ቆይቶ መልስ መጣ፦ መጽሐፉ ይታተማል፤ ነገር ግን በመጨረሻው ገጽ ሚስቲቱ በሽማግሌ ታርቃ ወደ ባሏ ትመለስ። ግማሽ ገጽ ነው እንግዲህ! እሳቸው ደግሞ ስማቸው ያለበት አንድ መጽሐፍ ታትሞ ለማየት ዕድሜ ልካቸውን የተመኙ ሰው ናቸው። ስለዚህ እኔው ለመንኋቸው።

«ይጻፉት ጋሼ። ወረቀት ላይ እኮ ነው፤ እኔ እንደሆንሁ አልመለስ።»

ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አንድ ጊዜ እኔው መልሻታለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልመልሳትም።»

ረቂቁ ሳይታተም ቀረ። እሳቸውም በማግስቱ እንደወትሮው ክፍል ገብተው ድርሰት አረሙ።

ጋሼ፣ መጽሐፍዎን በእጅዎ ሳይዙ ሄዱ። ያን ቅዳሜ ለጠየቁኝ ይቅርታም መልስ ሳልሰጥዎ ቀረሁ። ሁሌ የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር፤ አፍ አውጥቶ መናገሩም ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ ያወቀዎት ሰው ሁሉ እየሰማ ልንገርዎ፦ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ገና ያኔ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ።