ለአቢ ያልወረደው ሙሾ

ትርንጎ ጎህ ሲቀድ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ከነአገዳው ትገምድ ነበር። ቀኑ የአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ነው። ጣቶቿ ሳታያቸው ይሠራሉ። ቀና ስትል እኛ ጎረቤቶቿ ተሰብስበን ስንመጣ አየችን።

«ምነው በጧቱ? መርዶው ለማን ነው?» ብላ ሽንኩርቱን አስቀምጣ ተነሣች።

አልገረማትም። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሲሞት መርዶው የሚነገረው በጧት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ሙሾ አውራጇ ደግሞ እሷ ስለሆነች ሁልጊዜ አስቀድመን የምንወስዳት እሷን ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥሟን ግን የወገራ ሰው ሁሉ በቃሉ ይዞታል። በመንገድ ላይ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ሲስቅ እንዴት ነበር ትላለች። ይህን ሳታውቅ አንድ ቃል አታወጣም። የጎረቤታችን የይመኙሽ ባል ነጋ የሞተ ጊዜ፣ በሬዎቹን እንደ ልጅ ያወራቸው እንደነበር ሰምታ እንዲህ አለች፦

በሬዎቹ ቆመው ደጅ ደጁን ያያሉ፣
ቀንበሩን የሚጭን ይመጣል እያሉ።

የቀዬውን ሽማግሌ አያ ሙሉሰውን እንኳ «አንተ ከጠላ በቀር የምትወደው ስለሌለ ግጥምህ አንድ መስመር አይሞላም» ትለው ነበር። «እንግዲያ አልሞትልሽም» ይላታል እሱም።

ያን ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ከፊታችን መንገድ ጀመረች።

«ንገሩኛ፤ ምን ይወድ ነበር?» አለች ዞር ሳትል።

ማንም አልተከተላትም። አጥሩን ካለፈች በኋላ የእግር ኮቴ ስታጣ ዞረች። ሁላችንም እሷ ደጅ ላይ እንደቆምን ነን።

«አያ ሙሉሰው፣ ምነው ቆማችሁ? ቤቱ የት ነው?»

ስንቱን መርዶ ያረዳ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን እጁን አንሥቶ የራሷን በር አመለከታት።

ያላት አንድ ልጅ ነው፤ አቢ። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ወባ ገድሎት እዚያው ተቀበረ።

ትርንጎ አልጮኸችም። ተመልሳ ከሽንኩርቱ አጠገብ ተቀመጠችና መግመዷን ቀጠለች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሞት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ደንግጬ አላውቅም። እኛ ደረት እየመታን እሷ ሽንኩርት ትገምዳለች። ይመኙሽ ጨነቃትና የነጋን ግጥም አነሣች።

«ተይ» አለቻት ትርንጎ። «እሱ የነጋ ነው። ልጄን በሰው ልብስ አትገንዙብኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሙሾ አውርዳ አታውቅም። ለቅሶ ትደርሳለች፤ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ዝም ብላ ትመለሳለች። አቢም ያለ አንድ ስንኝ ቀረ።

የልጅ ልጄ ሕሊና ጎንደር ታስተምራለች። እኔንም በስተርጅና ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ሰሞኑን መጥታ፣ ካዛክ በሚባል ሩቅ የፈረሰኞች አገር ድሮ ስለነበረ ገጣሚ አነበበችልን። ልጁ ቢሞትበት ሐዘኑን በግጥም አወጣው። ትርንጎ ሥራዋን ሳትተው ሰማች።

«የልጁን ጠባይ ያነሣል?» አለች።

«አዎ እማማ፣ ያነሣል።»

«እንግዲያ ያውቀው ነበር። እኔ የማውቀው ከዚህ የወጣውን አቢን ነው። የሞተውን አላውቀውም።»

ሕሊና መጽሐፉን አጠፈች። ይህን የጻፍሁት ስለዚህ ነው።

ይህን የምታነቡ፣ መተማ ሰሊጥ ያጨዳችሁ ካላችሁ፣ በግራ እጁ የሚያጭድ አቢ የሚባል ቀጭን የወገራ ልጅ ከእናንተ ጋር ውሎ እንደሆነ፣ እባካችሁ መጥታችሁ ንገሯት። ትልቅ ነገር አይደለም። እዚያ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲስቅ እንዴት እንደነበር ብቻ። አምባ ጊዮርጊስ ከመኪና ወርዳችሁ የትርንጎን ቤት ጠይቁ፤ የማያሳያችሁ የለም።