ራውተሩን ከጠረጴዛ ሥር ያሰርንበት ቅዳሜ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤታችን ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ብሎን አጠብቃለሁ። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

የማስረው ራውተር ነው። የዋይፋዩ እንዳይመስላችሁ። የእንጨት ጠርዝ የሚያስተካክለውና ጌጥ የሚያወጣለት ማሽን ነው። በሁለት እጅ ጨብጠውት እንጨቱ ላይ ይነዱታል። ኃይለኛ ነው... እጅ ትንሽ ከሳተ እንጨቱን ያበላሸዋል፣ ጣትም አይምርም።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት «ሥራ እስኪያገኝህ ድረስ እዚህ ና» ብለው ያስጠጉኝ እሳቸው ናቸው። ሥራው አላገኘኝም፣ እኔም ከእሳቸው አልተለየሁም። ከሲቀላ እስከ ጫኖ እሳቸው የሠሩት አልጋ ወይ ቁምሳጥን የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም።

ካቻምና ነው ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረው። መጀመሪያ ሻይ ሲይዙ ብቻ ነበር። «እኔ ማንኪያ አያስፈልገኝም፣ ስኳሩ ራሱ ይማሰላል» እያሉ ይስቁበት ነበር። ከዚያ ግራውም ተከተለ። ሐኪሙ የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒት ያስታግሰዋል እንጂ አያድነውም አላቸው። ከዚያ ወዲህ ራውተሩን አልነኩትም። ለምን እንደሆነ አንስተን አናውቅም... ብቻ የራውተር ሥራ ሲመጣ ቀስ ብለው ወደ እኔ ይገፉታል።

አሁን ግን የመጨረሻ ልጃቸው ምሕረት ልታገባ ነው። ለታላላቆቿ ሁሉ የሠርግ አልጋቸውን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። ለእሷም ዋንዛውን መርጠው፣ አድርቀው አስቀምጠዋል። የራስጌው ጠርዝ ደግሞ ያለ ራውተር አይሆንም። አንድ ቀን ጣውላውን እየዳበሱ ይቺን ለሰው አልሰጥም አሉኝ። ለሰው ሲሉ እኔን ማለታቸው ነው። አልከፋኝም።

ያኔ ዩቲዩብ ላይ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ማሽኑን ገልብጠህ ከጠረጴዛ ሥር ታስረዋለህ፣ እንጨት የሚበላው ስለት፣ ፑንታው ብቻ፣ በቀዳዳ ወደ ላይ ብቅ ይላል። እጅ የሚይዘው ማሽኑን ሳይሆን እንጨቱን ነው ማለት ነው። ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

ጠረጴዛውን ከአሮጌ የቁምሳጥን በርና ከተራረፈ ሞራሌ ሠራነው። ማሽኑ የሚታሰርበትን ላሜራ ብየዳ ቤት አስቆረጥን። ከፍ ዝቅ እንዲልልን ደግሞ ከሥሩ የመኪና ክሪክ አቆምንለት... ክሪኩን ስታዞረው ፑንታው ቀስ እያለ ከጠረጴዛው በላይ ይወጣል። የክሪኩ ሐሳብ የእሳቸው ነበር፤ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ እያሳዩ ኮሩበት።

ቅዳሜ እንግዲህ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቅኩ። ፑንታው ትንሽ ጋደል ብሎ ነበር። የማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አስጠግተን፣ ከላሜራው ሥር ስስ ቆርቆሮ ጠቅጥቀን አቀናነው። እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበትን ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ አሰርን። እኔ ክሪኩን ሳዞር እሳቸው ጎንበስ ብለው ከፍታውን አዩና በቃ አሉኝ። በቁራጭ እንጨት ሞከርኩት። ጠርዙ ጥርት ብሎ ወጣ።

«አሁን ለኔ ልቀቅልኝ» አሉ።

ሌላ ቁራጭ ይዘው ቀረቡ፣ ወደ ፑንታውም ገፉት። እጃቸው እንጨቱን አንቀጠቀጠው። እንጨቱ ፑንታውን እየነካ እየሸሸ ጠርዙ አይጥ የበላው መሰለ። አዲስ ቁራጭ አነሡ። አሁን ክርናቸውን ከጎናቸው አጣብቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ገፉ።

ፑንታው እንጨቱን ነጥቆ ወረወረው... ከግድግዳው ተላትሞ ወደቀ። ደንግጬ ጣቶቻቸውን አየሁ። ደህና ናቸው። ላጠፋው ወደ ማብሪያው ሮጥኩ።

«ተው... አታጥፋት። ትጩህ» አሉ።

ባዶውን ጠረጴዛ በሁለት መዳፋቸው ተደገፉት። ማሽኑ ሲሠራ ጠረጴዛው ሁለመናው ይርገበገባል። እጃቸውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣

«እየው... እንዲህ ስትንቀጠቀጥ የኔ እጅ አይታወቅም» አሉ።

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፣ ሰው ይገበያያል... እኛ ሁለታችን ባዶ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመናል።

ኋላም የምሕረትን ጣውላ ራሳቸው አንሥተው ሰጡኝ። እኔ ስገፋ እሳቸው ከማዶ ቆመው፣ መዳፋቸውን ከጠረጴዛው ሳያነሡ በዓይናቸው ተከተሉኝ። አንዴም አላረሙኝም። ስንጨርስ ሰጋቱራውን ከትከሻዬ አራገፉልኝና፣ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው እንጨት እንደሚመርጡ፣ ደንበኛ እንደሚያናግሩ፣ ማሽኑ ግን የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። እንደ ተራ ወሬ ነው የነገሩኝ። ከዚያ ሻይ እንጠጣ ብለው ቀድመውኝ ወጡ።

ትናንት ምሕረት አልጋውን ልታይ መጣች። ራስጌውን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ጠርዙን ተከትላ እስከ ጫፉ ሄደች። ዕንባዋ መጣ። ሄዳ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«አባዬ... እጅህ ይባረክ» አለቻቸው።

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ከኪሳቸው አላወጡም። በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «አሜን» አሉ።

አንዲት ቃል ለመናገር ሰው እንዲህ ሲደክመው አይቼ አላውቅም።