መኪና የማያልፍበት መንገድ

አብሮ አደጌ የሚኖረው ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ነው። ሰሞኑን ብስክሌቱ ላይ ካሜራ አስሮ የቀረጸውን ቪዲዮ ላከልኝ። የጠጠር መንገድ፣ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ አንድም መኪና የለም። በቅናት አረርሁ። እኔ በአይከል መንገድ በብስክሌት ስወጣ የጭነት መኪና እየገፋ ቦይ ውስጥ ይከተኛል። ልጅ ሳለን ዳገት አቅቶት ብስክሌቷን በእጁ የሚገፋው ደግሞ እሱ ነበር። ሸጋ መንገድ ለማን እንደሚሰጥ እዩ።

ቪዲዮው ላይ አንድ ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ድሮ በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ እንደምናደርገው ወረደና ከካሜራው ፊት አጎንብሶ ተሳለመ። ከአንዲት ላም በቀር የሚያየው አልነበረም።

እኔ የዚያን ዕለት ጠዋት ቁስቋምን ሳልወርድ ነበር ያለፍሁት፤ ከኋላዬ መኪና አለ ብዬ። መኪና አልነበረም።