የዳማዋ በቅሎ ማስታወቂያ

ፍኖተ ሰላም የመጣሁት ለሥራ ነው፤ ዘመድ የለኝም። የጠፉ ከብቶችና ዕቃዎች ማስታወቂያ የሚወጣበት ድረ ገጽ አለ፤ ከዋናው መንገድ ገባ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጬ እሱን የምጠብቅ እኔ ነኝ። በጃቫ የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኳት ኮድ በየማለዳው ተነሥታ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ማስታወቂያዎች ከፍለጋው ዳታቤዝ ታጠፋለች። ባለቤቱ "ገና አልተገኘም" ብሎ ካላሳደሰ ማስታወቂያው ከነፎቶው ይሄዳል። ስጽፋት ማንንም አላሰብኩም።

አንድ ቅዳሜ ከቡሬ መስመር ገጠር አንድ አረጋዊ ቄስ መጡ። በቅሎአቸው ጠፍታለች፤ ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ቦቃ አለባት። ፎቶዋን ለጥምቀት ያነሣው ዘመዳቸው ለኛ ከላከልን በኋላ ስልኩ ተሰበረ፤ ስለዚህ ምስሏ ያለው እኛ ዘንድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማሳደሻው ጊዜ ቢደርስም ባይደርስም በየቅዳሜው በእግራቸው ይመጡ ጀመር።

"አባ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ከሚለፉ ቢደውሉልኝ እኮ አድስልዎታለሁ" አልኳቸው።

"በስልክማ ፊቷን አላያትም፣ ልጄ።"

ሁለተኛ ወንበር ገዛሁ። ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ያዩዋታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ "ምነው እንዲህ ከሳህ? የምትበላውን የሚያቀርብልህ የለም እንዴ?" ይላሉ። በሳምንቱ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሌላ ሰው አልነበረም። በቅሎዋ እንድትገኝ ከልቤ እመኛለሁ፤ ግን ብትዘገይም አልጠላሁም።

አንድ ዓርብ ደወሉ።

"ልጄ፣ እሰይ በለኝ! ተገኘች! ፈረስ ቤት ከተማ ያለ ሰው በስልኩ ፎቶዋን አይቶ አወቃት። እግዚአብሔር ይስጥህ! በል እንግዲህ ማስታወቂያውን አንሣልኝ።"

ደስ አለኝ፤ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። "እንግዲህማ በሷ ተቀምጠው ይመጣሉ፤ እግርዎም ያርፋል" አልኳቸው።

"እሷ እዚሁ ደጄ ታስራ፣ ምን ልሠራ እመጣለሁ ልጄ?" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ስልኩን እንደዘጋን ማስታወቂያውን ለኮዷ ሳልተው በገዛ እጄ ሰረዝኩት። በማግስቱ ቅዳሜ የአባን ወንበር እንደ ልማዴ ስክሪኑ ፊት ሳብኩና "ዳማ በቅሎ" ብዬ ፈለግሁ። ምንም አልተገኘም አለኝ።