አባዬ ከመንዝ ያመጣው ውሻ

ልጅ እያለሁ አዳማ ውስጥ ልብስ አጥቦ ማስጣት ቀላል ነበር፤ የሰጡትን መልሶ ማግኘት ነው ዕድል የሚጠይቀው። ፀሐዩ ሸሚዝ በግማሽ ሰዓት ያደርቃል፣ ሌባው ግን ከፀሐዩም ይፈጥናል። መጀመሪያ ሁለት የትራስ ጨርቅ ሄደ፣ ቀጥሎ አንሶላ፣ በመጨረሻ የአባዬ ቡናማ ሱሪ። አባዬ መምህር ነው፤ ያ ሱሪ ደግሞ ክፍል የሚገባበት ብቸኛ ደህና ሱሪው ነበር። በማግስቱ ለበዓል ብቻ ከሣጥን የሚወጣውን ጥቁሩን ለብሶ ትምህርት ቤት ሲደርስ ተማሪዎቹ «ጋሼ፣ ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» ብለው ተቀበሉት። ያን ዕለት ራት ላይ ውሻ እንዲገባ ተወሰነ።

በቤታችን ውሻ ኖሮ አያውቅም። አባዬ ልጅ ሆኖ ከውሻ ጋር ቢያድግም ራሱ ገዝቶ ወይም መርጦ አያውቅም፤ እማዬ የወለንጪቲ ልጅ ብትሆንም ውሻ ስታይ መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። እኔ ግን መናገር ከጀመርኩ ጀምሮ ውሻ ስለምን የኖርኩ ነኝ። እናም እማዬ «እሺ፣ ግን እስከ ፋሲካ አየዋለሁ። ካልጠቀመ ይሄዳል፣ ማልቀስ የለም» ስትል አሜን ብዬ ተቀበልኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ፋሲካ በጣም ሩቅ ነው።

ከአጥራችን ጀርባ አዴ ጫልቱ የሚባሉ ወተት የሚሸጡልን ሴት ነበሩ። ውሻ ልናስገባ መሆኑን ሲሰሙ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ኑ መምህር፣ ከእኔ ውሰዱ። አምስት ወልዳለች፣ የሚስማማችሁን እኔ እሰጣችኋለሁ» አሉ። አባዬ አመስግኖ፣ አጮልቆ አየ። እናቲቱ ውሻ ፀጉሯ አጭር፣ ጆሮዋ ሰፊ፣ የጎድን አጥንቷ ከሩቅ የሚቆጠር፣ በጠራራ ፀሐይ ከጥላው ሥር ለጥ ብላ የምትተኛ ናት። ቤት ከገባን በኋላ «ይቺ ውሻ ናት ወይስ የተራበች ፍየል?» አለ። «ውሻ እንኳ እኛ አገር ነው።»

«እኛ አገር» መንዝ ነው። አባዬ ተመድቦ አዳማ ከመጣ ያኔ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ አፉ ግን ከመንዝ አልወጣም። ቅቤው እኛ አገር፣ ውኃው እኛ አገር፣ ጎረቤቱ እኛ አገር። እማዬም «አገርህ ይህን ያህል ከጣመ ምን አመጣህ?» ትለዋለች። መልሱን ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷኑ ነው ያገባው።

ለገና እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ቡችላውን እንዴት እንደመረጠው ለሳምንት ያህል ሲተርክልን ቆየ። ስድስት ቡችሎች ተደርድረውለት የእያንዳንዳቸውን አፍ ከፍቶ ላንቃቸውን አየ፤ ላንቃው ጥቁር የሆነ ኃይለኛ ይሆናልና። ከዚያ አንድ በአንድ ማጅራታቸውን ይዞ አንጠለጠለ፤ የጮኸ ሁሉ ወደቀ። ላንቃው እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ ተንጠልጥሎም ድምፅ ያላሰማ አንድ ብቻ ተገኘ። የአውቶብሱ ረዳት ውሻ አላስገባም ስላለው በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎት ሲመጣ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ «ኧረ ሕፃኑን አየር ያስገቡለት ጋሼ፣ ታፈነ እኮ!» ብለው እስከ ደብረ ብርሃን ሲጨነቁ ነበር አሉ።

በመንዝ በሚበቅለው ሣር ስም ጓሳ ተባለ። ጸጉሩ እጅ ይውጣል፤ ጣቶቼን ስሰድ ቆዳው ጋ ለመድረስ ጊዜ ይፈጃል። የጭስና የበግ ሽታ ነበረው። ሱዚ ስንዘል መሐላችን ገብቶ ላስቲኩን ይነክሳል፤ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ድንጋያችንን በአፉ ይዞ ይሮጣል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እሱን ለመዳሰስ ስለሚመጡ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈላጊ ሰው ሆንኩ። ጥር ላይ የአዳማ ጠዋት ቀዝቀዝ ይላል፤ የካቲትም እንደምንም አለፈ። አባዬም በእማዬ ፊት ደረቱን ነፍቶ «አየሽ፣ የብርድ አገር ልጅ!» ይላል።

መጋቢት ሲገባ ያ አቧራ የሚያዘንበው ንፋስና ያ ሙቀት አብረው መጡ። ጓሳም አድጎ ጸጉሩ ይበልጥ ወፍሮ ነበር። በመጀመሪያ ቀን ቀን መብላት ተወ። ቀጥሎ ምላሱን እስከ ደረቱ ጎልጉሎ፣ ከቧንቧው ሥር ያለችውን እርጥብ መሬት ቆፍሮ ሆዱን እዚያ ላይ ለጠፈ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ የቧንቧ ሥር ማለት የሁሉ ሰው መቆሚያ ስለሆነ፣ ጀሪካን የያዘ ሁሉ እሱን ተሻግሮ ይቀዳል። እሱም ለሁሉም ጅራቱን ይቆላል። አንድ ቀን ደግሞ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜ የተዘፈዘፈበት ሳፋ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። እማዬ መጥረጊያ ይዛ ብትመጣ ንቅንቅ አላለም፤ አይኖቹን ብቻ ጨፈነ። እሷም መጥረጊያውን ጥላ ሳቀች። መፍራቷን የተወችውም ያን ቀን ይመስለኛል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ሰሞን ሌባው ተመልሶ መጣ፣ ያውም በቀትር። ከገመዱ ላይ ሦስት ሸሚዝ ሰብስቦ ሲወጣ ያየችው ጎረቤት እንደነገረችን፣ ጓሳ ከሳፋው ወጥቶ፣ ራሱን አራግፎ ሌባውን ውኃ ከረጨው በኋላ እስከ ጋሪ ማቆሚያው ድረስ በደስታ ሸኝቶታል። ጓሳን መልሶ ያመጣልን አንድ ባለጋሪ ነው፤ ከፈረሱ ጥላ ሥር ተኝቶ አገኘው። እማዬ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ቀና ብላ አየች። ለፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጆንያ ውኃ ነክሬ እጀርባው ላይ አለብሰዋለሁ፤ በደብተር ሽፋን አራግብለታለሁ። ሱዚውም ሰኞ ማክሰኞውም ቀረ። ጆንያው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ እንደገና እነክራለሁ። አዴ ጫልቱ በአጥሩ ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆይተው «ማሎ፣ እባክሽ የኔ ልጅ፣ ይሄ ውሻ ታሞ እኮ አይደለም፤ አገሩ ነው የጠፋበት» አሉኝ። እኔም በልቤ ተቀየምኳቸው። እውነት መናገራቸውን ስለማውቅ ነው።

አባዬ ስድስተኛ ክፍል ኅብረተሰብ የሚያስተምረው እኔ ያለሁበትን ክፍል ነበር። በዚያ ሳምንት ስለ ደጋና ቆላ አየር ንብረት እያስተማረ፣ የደጋ እንስሳት ጸጉራቸው ለምን ወፍራም እንደሆነ ካስረዳ በኋላ «ማነው ምሳሌ የሚሰጠኝ?» አለ። ከድር የሚባል ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እጁን አወጣ።

«የእርስዎ ውሻ ጋሼ።»

አባዬ ጠመኔ ይዞ ሲቆጣ እናውቀዋለን። እኔም ጠረጴዛው ሥር ብገባ ደስ ባለኝ። አባዬ ግን መምህርነቱ በለጠበትና «ጥሩ። ወደ ቆላ ቢወርድስ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳፋ ውስጥ ይገባል ጋሼ።»

ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲስቅ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ሰሌዳው ዞረ፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሲዞር ዕንባው እስኪወርድ እየሳቀ ነው። ለከድር አሥር ከአሥር ሰጠው። ወደ ቤት ስንሄድ ግን ባቡር ጣቢያው ጋ ስንደርስ «ለፋሲካ እንመልሰዋለን፤ አንቺም ትመጫለሽ» አለኝ። የገባሁትን ቃል ረስቼ እስከ ቤት ድረስ እየጮህኩ አለቀስኩ። እማዬ እንኳ «እስከ ሰኔ ይቆይ፤ ዝናቡ ሲመጣ ይሻለዋል» ብላ ለመነችልኝ። አባዬ እምቢ አለ። በዚያ ቀን በጣም ጠልቼው ነበር።

መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ ከአውቶብስ ስንወርድ እውነተኛ ብርድ ምን እንደሆነ አወቅሁ። በስስ ቀሚስ የመጣሁ የአዳማ ልጅ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ቆሜ ሳለ፣ ጓሳ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ንፋሱን አሸተተ። ከዚያ ጸጉሩ እንዳለ ተነፋ፤ እጥፍ የሆነ መሰለኝ። ከመጋቢት ጀምሮ ሲንፏቀቅ ያየሁት ውሻ ሜዳው ላይ ሲሮጥ ያ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ። አጎቴ ወደ በጎቹ ሲወስደው ሄደና ከመንገድ ተመልሶ መጥቶ እጄን ላሰኝ፤ እንደገና ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ባና የሚሉትን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወጥቼ ሳየው፣ ከበጎቹ ፊት ቆሞ ሲጮህ ሰማሁ። ድምፁ ወፍራም ነበር። በእኛ ቤት አንድም ቀን እንደዚያ ጮሆ አያውቅም። ደስ አለኝ፤ እያለቀስኩ ነው ደስ ያለኝ።

አባዬ አጠገቤ መጥቶ ቆመና «ጥፋቱ የሱ አይደለም። እኔ ውሻ የመረጥኩ መስሎኝ ናፍቆቴን ነው ጠቅልዬ ያመጣሁት» አለኝ። አባቴ ለልጅ ጥፋቱን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ጥላቻዬም እዚያው ቀረ።

አዳማ እንደተመለስን አዴ ጫልቱ ቤት ሄድን። ከአምስቱ ሁለት ቀርተው ነበር፣ አድገዋል። አባዬ የለመደበት እጁ ወደ ቡችላው አፍ ሲሄድ አዴ ጫልቱ መለስ አደረጉት። «አፉን ምን ያደርጉለታል መምህር? እኔ ነኝ የምጠይቅ» አሉና ተቀምጠው መረመሩን። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ጥላው በየት በኩል ነው የሚውለው? ልጅቷ ትመታለች ወይስ አትመታም? ለራሷ ምግብ ሳይጎድል ለውሻው የሚተርፍ አለ? እማዬ ደግሞ ትፈራ የለም እንዴ? ሁሉን ከሰሙ በኋላ፣ ልመርጥ ያሰብኩትን ፈጣኑን ትተው ዝምተኛዋን ሰጡን። «ውሻ ለማያውቅ ሰው ይቺ ናት። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ብለው ሳቁ። አባዬም «ልክ ነዎት» አለ። ያቺ ዝምተኛ አሥራ አንድ ዓመት ከእኛ ጋር ኖረች፤ ቀን ተኝታ፣ ማታ ነቅታ። ከዚያ በኋላ ከገመዳችን ላይ የጠፋ ካልሲ እንኳ የለም።

ዛሬ ልጄ በስልኩ ላይ ሰማያዊ ዓይን ያለው የበረዶ አገር ውሻ ያሳየኛል፤ አዳማም ውስጥ የሚሸጥ አለ ይለኛል። ዋጋው፣ ዘሩ፣ ክትባቱ ሁሉ ተጽፏል። ገዢው ቀን ቀን ቤት ይኑር አይኑር የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ያኔ ቡችላ የሚሰጥ ሰው ገዢውን አገላብጦ ያይ ነበር፤ አሁን ፎቶ ታያለህ፣ ትደውላለህ፣ በባጃጅ ይመጣልሃል። ልጄን ጠይቄዋለሁ፤ ጥላው የት ጋ እንደሚውል እስካሁን እያጠና ነው።

አባዬ ሰባ ስምንት ዓመት ሆነው። አምና አጎቴ ክፍል አሠርቶለት፣ ዕድሜ ልኩን ሲናፍቀው በኖረው አገሩ እንዲያርፍ ሁላችንም ተስማምተን በስንት እንባ ሸኘነው። በስድስተኛው ቀን ደወለ። «ኑ ውሰዱኝ» አለ፣ «ብርዱ አልተቻለኝም።» መንዝ ሄጄ አመጣሁት። አዳማ ስንደርስ ከመኪናው ወርዶ ያ አቧራማ ሙቀት ፊቱን ሲመታው፣ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ካፖርቱን፣ ቀጥሎ ሹራቡን አንድ በአንድ አውልቆ አስታቀፈኝና በሸሚዝ ብቻ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ተነፈሰ። «እፎይ» አለኝ፣ «እኛ አገር እኮ ሙቀቱ ደግ ነው።»