ፍሪጄን የበላው ኮፈን

ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል። የኔው ጉድ፣ ባሌ፣ አንድ ጥቅል ጥቁር ጨርቅ ይዞ መጣ። ከሚሴ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ሲወርድ ጥቅሉን በሁለት እጁ ታቅፎት ነበር፤ እኔን ያቀፈኝ እሱን የሚያስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ ካገኘ በኋላ ነው። ቤት ስንደርስ እናቱ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችና «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። እሱ ሳቀ። «ካርቦን ፋይበር ነው እማ። ከብረት ይጠነክራል፣ ክብደት የሚባል የለውም» አላት። እኔም ሳቅኩ፤ እኔ ግን የሳቅኩት በሱ ነው።

እዚያ ለዓመታት የሠራው የሀብታም መኪና በሚታደስበት ጋራዥ ነው። ሥራ የጠፋባቸው ሀብታሞች ከራሳቸው ዕድሜ የሚበልጡ የስፖርት መኪኖች ይገዙና፣ ደህናውን ብረት አስነቅለው ኮፈኑንም በሩንም በዚህ ጨርቅ በልክ ያሠራሉ አሉ። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እንድትቀልልና እንድትፈጥን» አለኝ። ፈጥና የት ልትደርስ? «የትም አትሄድም፤ ቆማ ነው የምትታየው» አለኝ።

እኔ የባትላሜራ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ግጭት ያጨማደደውን ብረት በመዶሻ ሲያቃና፣ በስቱኮ ሲሞላ፣ ቀለም ቀብቶ ሲመልስ እያየሁ ነው ያደግኩት። በመኪና ነገር ማንም በወሬ አያታልለኝም። ይኼን ለባሌ ስነግረው «የአባትሽ ጊዜ አልፏል» ብሎኝ እርፍ። ደሜ ፈላ። ሊጠጣ የያዘውን ሻይ ብደፋበት ደስታዬ ነበር።

ግን እዚያው ምሽት ከእናቱ ጋር ሲያወራ ሰማሁት። «ይኼ ሥራ እዚህ ከያዘልኝ ሁለተኛ ባሕር አልሻገርም። ካልያዘልኝ ግን እመለሳለሁ፤ በረንዳ ለበረንዳ ሥራ ፈትቼ ስዞር አታይኝም» አላት። ወላሂ፣ ከዚያ በኋላም መሳደቤን አልተውኩም። በሆዴ ግን ያ ረቢ ይሳካለት ማለት ጀመርኩ። ባል በስልክ መውደድ ሰልችቶኝ ነበር። ሰው ባል አገባ ይባላል፤ እኔ ያገባሁት ድምፅ ነው። ያውም ኔትወርክ ሲኖር ነው።

የመጀመሪያውን ሥራ የሰጠው አንድ የከብት ነጋዴ ነው። ነጋዴው ከአባቱ የወረሳት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ቀይ የድሮ የጣሊያን መኪና አለችው። ለዒድ ከከሚሴ ጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳታል፤ ሌላ ጊዜ ዶሮ ይሰፍርባታል። ታዲያ ከሰንበቴ ገበያ የገዛው ኮርማ ከጭነት መኪና ሲወርድ ደነበረና ኮፈኗ ላይ ወጣባት። ኮፈኑ ተሰረጎደ። አባቴ ቢኖር መዶሻውን አንስቶ ወዲያው ያቃናው ነበር። ነጋዴው ግን ስልኩ ላይ ጥቁር ኮፈን የለበሰች መኪና አይቷል። «እንደዚህ ያለ» አለና ለባሌ አሳየው። ባሌም አፍንጫውን ነፍቶ «የዕለት ሥራዬ ነው» አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግንባር ለግንባር ገጥመው ስልክ ላይ መኪና ሲመለከቱ ያስቃሉ።

ሥራው ግቢዬ ውስጥ ተጀመረ። የተሰረጎደውን ብረት እንደምንም አቃንቶ፣ ሰም ቀብቶ፣ በላዩ ነጭ ፋይበር ለጥፎ ቅርጹን ወሰደ። ሲደርቅ ልክ እንደ ኮፈኑ የጎደጎደ ቅርጽ ወጣለት፤ ሞልድ ይለዋል። ጥቁሩ ጨርቅ እዚያ ውስጥ ይነጠፋል፣ ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ይቀባል፣ ከዚያ በፕላስቲክ ታሽጎ አየሩ እስከ መጨረሻው ይመጠጣል። አየሩን የሚመጠው የታለ? «እሱ እንኳ እዚህ አይገኝም» አለና ዞር ብሎ ፍሪጄን አየ።

መንገድ ዳር ሱቅ አለችኝ፤ የምሸጠው ቀዝቃዛ ውኃና ለስላሳ ነው። በከሚሴ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ የሌለው ሱቅ ምኑ ሱቅ ነው? ጮኽኩ፣ ተቆጣሁ፣ አልሰማኝም። የፍሪጁን ሞተር ከጀርባው ፈቶ ወሰደና ገለበጠው፤ ብርድ ይሰጠኝ የነበረው ሞተር አየር ይመጥ ጀመር። ከባቲ በኩል የሚመጡት ሹፌሮች ለብ ያለ ውኃዬን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና ወደ ጎረቤቴ ሱቅ ተሻገሩ። ባዶው ፍሪጅ ውስጥ ሽንኩርት አስቀመጥኩ።

የሰፈሩ ወንድ ደግሞ ግቢዬን ወረሰው። ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ ይመጣል፣ ጥላው ሥር ይደረደራል፣ ምርቃናው ሲይዘው ሁሉም መሐንዲስ ይሆናል። አንዱ በዚህ ጨርቅ ጀልባ ሠርተን ቦርከና ወንዝ ላይ እንንሳፈፍ ይላል፤ ሌላው ምን ጀልባ፣ አውሮፕላን ነው እንጂ ይለዋል። ማታ ተነስተው ሲሄዱ ገራባውን የምጠርገው እኔ ነኝ። አውሮፕላን ሠሪ ሁላ፣ የቤቱ በር ተገንጥሎ ከወደቀ የከረመ ነው።

ማጣበቂያው የሚቀባበት ቀን ደረሰ። እናቱ ከጠዋት ጀምራ «ኢንተኡ! አይሆንም፣ ዱአ ሳይደረግ እጅህ ሥራውን አይነካም» አለች። እኔም በዚህ ከሷ ጋር ነኝ፤ እኛ ዘንድ ማሽላ ሲዘራም፣ ቤት ሲጀመርም፣ ሰው መንገድ ሲወጣም ዱአ አለ። ሸሁ ተጠሩ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። እስከዚህ ድረስ ደግ።

ያ ባሌ ግን ምን አደረገ? ሸሁ ሲገቡ አየና ማጣበቂያውን ከማድረቂያው ጋር በአንድ ባልዲ ቀላቀለው። ሁለቱ አንዴ ከተቀላቀሉ በኋላ ቶሎ ካልተቀቡ ይግሉና ይደርቃሉ፤ ይኼን ያስተማረኝ ራሱ ነው። «ለምን አሁን?» ብዬ ብጠይቀው «ሸሁ ፋቲሃ ብለው ወዲያው ያበቃሉ፤ ዱአው ሲያልቅ እጄ ሥራ ላይ መሆን አለበት» አለኝ። ሰው ፊት ሊታይ! በዚያ ላይ እዚያ አገር ሲኖር የወሎን ዱአ ርዝመት ረስቶታል።

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም ዘረጋን። ለአገር ሰላም ለመኑ። አሚን አልን። ለጨፋ ሜዳ ማሽላ፣ ለከብቱ፣ ለዝናቡ ለመኑ። አሚን። ለታመሙት፣ ለታሰሩት፣ መንገድ ላይ ላሉት፣ አፈር ለተጫናቸው። አሚን፣ አሚን። እኔ ባልዲውን በጎን አየሁት፤ ቀጭን ጭስ ከላዩ ተነሳ። ባሌን በዓይኔ ጠራሁት። አይቷል። ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ እጁ ግን እንደተዘረጋ ነው። የሸህ ዱአ አቋርጦ ማን ይነሳል? ይኼ ከሚሴ ነው። ያን ያህል ሰው ተቀምጦ፣ ሁሉም ጭሱን እያየ አሚን ማለቱን ቀጠለ። እናቱማ ጭሱን አይታ «ማሻ አላህ» አለች፤ የሥራው ወግ መስሏት ነው። ሸሁ ወደ ሥራው በረካ ሲደርሱ ባልዲው ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ዱአው አልቆ እጃችንን ፊታችን ላይ ስናብስ ማጣበቂያው ድንጋይ ሆኖ ነበር፤ ማማሰያው እንጨት መሐሉ ተተክሎ ቀርቷል። ሸሁ ቀረብ ብለው አዩና በጣም አዘኑ። «ልጄ፣ ቸኩሎብኛል ብትለኝ እኮ አሳጥረው ነበር» አሉት። ባሌ «የአላህ ቀደር ነው ሸህ» አላቸው። እኔ አላስቻለኝም። «ቀደር ላይ አታላክ! ባልዲውን የበጠበጠው የራስህ እጅ ነው!» አልኩት። እናቱ ገላመጠችኝ። ትገላምጠኝ።

የተረፈው ማጣበቂያ ለአንድ ኮፈን ብቻ ይበቃል። ከተበላሸ ሌላ የለም፤ ሌላ ከሌለ ባሌም የለም። ሌሊቱን እየተገላበጠ አደረ፣ እኔም አብሬው።

ሲነጋ የግቢውን በር ቀረቀርኩና ለነዚያ መሐንዲሶች ዛሬ ጥላ የለም አልኳቸው። እናቱም የትናንቱ ዱአ ለዛሬም ይበቃል ብላ አረፈችው። ጨርቁን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ነጠፍነው። ጥግ ጥጉን በጣቴ እየጠቀጠቅኩ ከቅርጹ ጋር ሳጣብቅ «እጅሽ ወርቅ ነው፣ የአባትሽ ልጅ» አለኝ። እሱ ይቀባል፣ እኔ እወጥራለሁ። ተናግሮ አያዘኝም፤ የሚፈልገውን አውቄ አቀብለዋለሁ። ፕላስቲኩን አሽገን የፍሪጄን ሞተር ስናስነሳ አየሩ ወጣ፣ ፕላስቲኩም ከጨርቁ ጋር ሙጭጭ አለ። ማድረቂያ ምድጃ አላስፈለገውም፤ የከሚሴ ፀሐይ ጨረሰችው። ያን ቀን ባሌን ወደድኩት። ከሠርጌ ቀን ይልቅ ወደድኩት። መናገር ያሳፍራል እንጂ ውሸት አይደለም።

ከሞልዱ ሲላቀቅ የወጣው ነገር፣ እኔም ልመን፣ ያምራል። እንደ ጥቁር ውኃ ያብለጨልጫል፤ በውስጡ የጨርቁ ሽመና ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባንድ እጄ አነሳሁት። ባሌ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ እናቱ እልል አለች፣ እኔም ስድቤን ሁሉ ለዚያን ቀን ዋጥኩት። ፎቶውን አንስቶ ለድሮ አሠሪው ላከለት። እኔ ደግሞ በሆዴ አለቀ፣ ቀረልኝ አልኩ።

ነጋዴው ኮፈኑን ወስዶ መኪናዋ ላይ ገጠመው። ገበያ ሲወጣ «መኪናህ ተቃጠለች እንዴ?» አሉት። ሁለተኛ ሰው ጠየቀው፣ ሦስተኛ ጠየቀው። ከዚያ ይኼ የከብት ነጋዴ፣ ያ ሁሉ የተለፋበትን ኮፈን፣ ቀለም ቀቢ ጠርቶ ቀይ አስቀባው! ቀይ! ብረት ይሁን ጨርቅ፣ ቆርቆሮ ይሁን ካርቶን ማን ያውቃል? ባሌ አይቶ ሲመለስ ሁለት ቀን ከአልጋው አልወረደም። ሦስተኛ ቀን «እዚህ አገር ለማን ነው የሚሠራው?» አለ። «ለኔ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

ከዚያ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እየሮጠ ሲመጣ አየሁት። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «ከድሮው ጋራዥ ጠሩኝ!» አለ ገና ከደጅ። «ፎቶውን አይተው ነው። በባልዲና በፍሪጅ ሞተር ይኼን ከሠራ ይምጣ፣ አለቃ ይሁን አሉ። ቪዛውም ትኬቱም በነሱ ነው!» ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«ሥራው ያዘልህ ማለት ነው» አልኩት።

«ያዘልኝ እንጂ!» አለ። ለእናቱ «ከያዘልኝ ባሕር አልሻገርም» ያለውን ጭራሽ ረስቶታል፤ ዓይኑ ውስጥ ፈለግኩት፣ የለም። «ደስ አላለሽም እንዴ? እልል በይ እንጂ!»

እልል አልኩለት። ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ። ጎረቤቶች ከየሱቁ ወጡ፤ ሹፌሮቼን የወሰደችብኝ ሴትዮ መንገዱን ሮጣ ተሻግራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እንኳን ደስ አለሽ!» አለችኝ። «ፀነስሽ እንዴ?»

«አይ» አልኳት። «ባሌ ሊሄድልኝ ነው።»